የዳቦ ጫፍ የማን ድርሻ ነው?

እስቲ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ተቆራርጦ የሚሸጠውን ዳቦ ላስቲክ ፈታ አድርጋችሁ እዩት። የፊተኛው ቁራጭ ተነስቷል? ወይስ ሁሉም እሱን ገለል እያደረገ ሁለተኛውን ስቦ ሄዷል? አይ የእኛ ነገር!

ቁርጥ ያለ ስም እንኳ አላወጣንለትም። አንዱ «ጫፉ» ይለዋል፣ ሌላው «ጥጉ»፣ ሌላው «ቅርፊቱ»። አፉን የማይሰበስበውማ «የዳቦ ቂጥ» ብሎት ቁጭ! ይሄ እንኳ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጣሊያኖችም «ኩሌቶ» ሲሉት ያንኑ ማለታቸው ነው። እንግሊዞች «ተረከዝ» ይሉታል። ሩሲያውያን ደግሞ «ጎርቡሽካ»፣ ጉብታ እንደማለት ነው።

የእናቶቻችን ድፎ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ክብ ስለሆነ ከመሐል ወደ ዳር ሲቆረስ ለሁሉም ከለስላሳውም ከቅርፊቱም ይደርሰዋል። ጣጣው የመጣው ሁለት ጫፍ ካለው ዳቦ ጋር ነው።

ጣጣ ያልኩት ወድጄ አይደለም። በቅርቡ አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ቤት ቁርስ ቀርቦ፣ የአራት ዓመት ልጃቸው ከሳህኑ ላይ ጫፏን አነሳና «ይሄ የእሷ ነው» ብሎ ወደ ማድ ቤት ጠቆመ። «እሷ» ያላት የቤት ሠራተኛዋን ነው። ቁጭ አድርጎ ያስተማረው የለም፤ በየጠዋቱ እያየ ነው የተማረው። እናት ደነገጠች። አባት ሊስቅ ሞከረና ተወው። እኔም ዝም ብዬ ሻዬን አማሰልኩ።

ወገኖቼ፣ ጫፍ መብላት ነውር የለውም። «ለእሷ ይበቃታል» ማለት ግን ነውር ነው። ልጁ ነገ አድጎ ለሰው የሚያካፍለው በዚያው ሚዛን ነው።

የሚገርመው ደግሞ የዳቦ መዓዛ በብዛት ያለው እዚያው የተናቀው ቅርፊት ላይ ነው። ሊጡ በምድጃ ሙቀት ሲቀላ ያ ደስ የሚል ሽታና ጣዕም ይፈጠራል። ነገሩን ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሰው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ገልጾታል።

እንግዲህ ምክሬን ልበል። አንደኛ፣ ጫፉ ላስቲኩ አፍ ላይ ይቀመጥ፤ መሐሉ ቶሎ እንዳይደርቅ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ አትጣሉት፤ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት የዳቦ ፍርፍር ይወጣዋል። ወይም አድርቃችሁ ውቀጡትና ለኮቶሌት መለወሻ ይሁናችሁ። ሦስተኛ፣ ፍሪጅ ውስጥ ዳቦ ቶሎ ይደርቃል፤ ለማቆየት ከፈለጋችሁ በረዶ ቤቱ ይሻላል። ሻጋታ ካያችሁ ግን ፍቆ መብላት የለም። ሥሩ በዓይን ከሚታየው አልፎ ይገባልና ይጣል።

አራተኛውና ዋናው፦ ነገ ጠዋት ጫፏን ራሳችሁ አንሱ፣ በማግስቱ ተራው የሌላው ይሁን። ልጅ ካላችሁ ደግሞ እያየ አድርጉት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!