የተዘጋ ዘረመል፦ ኢንዛይሞች በጨጓራ ካንሰር ውስጥ

የጨጓራ ህዋስ ዘረመሎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠቀምም። የትኛው እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲዘጋ በመወሰን ረገድ ትልቅ ድርሻ ያላቸው ኢንዛይሞች ናቸው። ዲኤንኤምቲ የሚባሉት ሜቲል የተባለች ትንሽ ኬሚካል ዲኤንኤ ላይ ይለጥፋሉ፤ ቴት የሚባሉት ደግሞ እንድትላቀቅ ያደርጋሉ። ኢዜድኤች2 እና ኤችዳክ ዲኤንኤ የተጠቀለለባቸውን ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች እየለወጡ ጥቅሉን ያጠብቃሉ። መነሻው ላይ ሜቲል የበዛበት ዘረመል ፊደሉ ሳይነካ ሥራውን ያቆማል።

ይህ መዘጋት በጨጓራ ካንሰር ውስጥ እንዴት እንደሚመጣ ወደ ማወቅ ያደረሰው መንገድ ግን በባክቴሪያ በኩል ያለፈ ነው። በኢትዮጵያ «የጨጓራ ባክቴሪያ» እየተባለ የሚታወቀውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ያሳደጉት በ1982 (እ.ኤ.አ.) ነው። ናሙና የተዘራባቸው ሳህኖች በሁለት ቀን ውስጥ ይጣሉ ስለነበር ቀስ ብሎ የሚያድገው ባክቴሪያ ሳይታይ ይቀር ነበር፤ በፋሲካ በዓል ምክንያት ለቀናት ሳይነኩ የቆዩት ግን አበቀሉት። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። በ1994 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው፤ በ2005 ሁለቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ባክቴሪያው ዘረመልን እንዴት ይዘጋል? የጃፓን ተመራማሪዎች ጀርቢል በተባሉ የበረሃ አይጦች ላይ ግሩም ሙከራ አደረጉ። በባክቴሪያው ለተያዙት አይጦች ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት ሰጥተው የጨጓራቸውን ቁጣ ሲያበርዱ፣ ባክቴሪያው በቦታው እያለ የሜቲል ክምችቱ ቀነሰ። ስለዚህ ዋናው ጥፋት ያለው ለዓመታት በማይበርደው ቁጣ ላይ ነው። ቁጣው አላቃቂውን ቴት ያዳክማል፣ ለጣፊውን ዲኤንኤምቲ ያበረታል።

ከሚዘጉት ዘረመሎች መካከል ህዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘው ሲዲኤች1 ይገኛል። በ1998 በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ውስጥ የዚህ ዘረመል አንዱ ቅጂ ተበላሽቶ ሲወረስ የጨጓራ ካንሰር ከትውልድ ትውልድ እንደሚያስከትል ታወቀ፤ በእንዲህ ያለ ካንሰር ሁለተኛውን ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሜቲል ነው። የዲኤንኤ ስህተት አራሚው ኤምኤልኤች1 ሲዘጋ ደግሞ ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በ2014 በ295 የጨጓራ ካንሰር ዕጢዎች ላይ የታተመ የአሜሪካ ጥናት እጅግ የበዛ ሜቲል ያገኘው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ባለባቸው፣ 9 በመቶ ገደማ በሆኑት ላይ ነው።

ለታማሚው ከሁሉ የሚከብደው ባክቴሪያውን ከሚያጠፋው መድኃኒት በኋላ ያለው ነው። ባክቴሪያው ሲጠፋ የካንሰር ስጋት ይቀንሳል፤ የሜቲሉ ጠባሳ ግን በከፊል ይቀራል። ስለዚህ ጨጓራው ክፉኛ የሳሳ ሰው «ድነሃል» ተብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም፤ በኢንዶስኮፒ ክትትል ያስፈልገዋል። ሜቲልን የሚቀንሰው አዛሲቲዲን በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው ለአጥንት መቅኒ በሽታ ነው። የእሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት በጀርቢሎች ላይ የጨጓራ ካንሰርን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ሆኖም እነዚህ መድኃኒቶች ዘረመል መርጠው አይከፍቱም፤ ለሰው የጨጓራ ካንሰርም መደበኛ ሕክምና አልሆኑም።