የቤት ደላላ ሱቋ ስሟ ነው

ከእናንተ መካከል በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ በቤት ደላላ እጅ ያላለፈች እናት ትኖር ይሆን? ከሥራ መልስ ልጇን አዝላ ደላላውን እየተከተለች ከሰፈር ሰፈር የዞረች፣ «ውኃ በየቀኑ ይመጣል» ተብላ ገብታ ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካን ያመላለሰች፣ ኮሚሽኑን ከከፈለች በኋላ ደላላው ስልኩን አላነሣ ያላት ጥቂት አይደለችም። በዚህም ምክንያት «ደላላ» የሚለው ቃል በብዙ ቤት እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ የድለላ ሥራ በራሱ ነውር የለበትም። ቤት ያለውንና ቤት የሚሻውን ሰው ማገናኘት ድካምና ዕውቀት የሚጠይቅ ሙያ ነው። ዛሬ በዚህ ሙያ ላይ የሚሰማሩ እናቶች አሉ። ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥነው ጥያቄም ይኸው ነው፦ አንዲት ሴት በዚህ ሥራ ስትሰማራ ራሷን ለደንበኛ የምታስተዋውቀው በምን ዓይነት መንገድ ቢሆን ይበጃታል?

በዕድሜ ጠና ያላችሁ አንባቢያን እንደምታስታውሱት፣ በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ቤትን በግል ማከራየት ቀርቶ ነበር። የኪራይ ጉዳይ በቀበሌና በመንግሥት ድርጅት እጅ ገባ፤ ደላላውም ከዚህ ሥራ ወጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ሲመለስ ደላላውም አብሮ ተመለሰ። በአዲስ አበባ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሕዝብ ብዛት የቤት ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ፍላጎቱ ሲበዛ ደላላውም በዛ፤ በየመብራት ምሰሶው «የሚከራይ፣ የሚሸጥ ቤት አለ» የሚል ወረቀት የሌለበት መንገድ የለም።

ያነጋገርናት እናት በአዲስ አበባ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈር የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ናት። ስሟን እንዳንጽፍ ለምናናለች። ቀደም ሲል እንጀራ እየጋገረች በየብሎኩ ታደርስ ስለነበር የትኛው ደረጃ ማታ እንደሚጨልም፣ የትኛው ፎቅ ላይ ውኃ እንደማይወጣ፣ የትኛው አከራይ ልጅ ያለው ተከራይ እንደማይፈልግ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሰዎች ቤት ሲፈልጉ እርሷን ይጠይቁ ጀመር። በኋላም የንግድ ፈቃድ አውጥታ ወደ ሥራው ገባች።

«መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ወረቀት ለጠፍኩ» ትላለች። «በአንዱ ምሰሶ ላይ የሌሎች ሰዎች ወረቀት ተደራርቦ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የደወለልኝ ሰው የለም። እኔ ራሴ ቤት ብፈልግ ከዚያ ሁሉ ወረቀት የማንን አምኜ እደውላለሁ?»

ከዚህ በኋላ አንድ ደብተር ገዛች። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ መደበች። ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የመብራት ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፣ ትምህርት ቤቱና ታክሲው በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ የአከራዩ ጠባይ ጭምር ትጽፋለች። ጉድለቱን አትደብቅም። ከዚህም አልፋ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው የሚጠቅም ነገር በአንድ ገጽ ጽፋ በባለሱቁ መስኮት ላይ ትለጥፋለች፤ ከግርጌው ስልኳን ታሰፍራለች። አንድ ሳምንት ባለ አንድ መኝታ ቤት በዚያ ወር በስንት እንደተከራየ ትጽፋለች። በሌላው ሳምንት የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ከተረከበ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ እንደማይፈቀድለት፣ «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚል ሻጭ ገዢውን ለኪሳራ እንደሚዳርግ ታስረዳለች።

የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ሲወጣም ዋና ዋና ነጥቦቹን በቀላል አማርኛ ጽፋ ለጠፈች። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው አካል ቀርቦ መመዝገብ ይገባዋል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መከፈል ይኖርበታል።

ሌሎቹ ደላሎች ሳቁባት። «ሙያሽን በነፃ እየበተንሽ ምን ትበያለሽ?» አሏት። አንዳንድ አከራዮችም የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅ ስላቃታቸው ተቀየሟት። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ያነበበች እናት ቤት ስትፈልግ፣ እህቷም ስትፈልግ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋም ስትፈልግ ስልኳን መያዝ ጀመሩ።

ስም የሚፈተነው ግን ገንዘብ ሲመጣ ነው። አንድ ቀን የሚያውቋት አንድ አባወራ መጥተው የሚኖሩበትን ቤት በአራት ሚሊዮን ብር እንድትሸጥላቸው ጠየቋት። በአዲስ አበባ የቆየው ልማድ በሽያጭ ላይ በመቶ 2 ኮሚሽን መቀበል ስለሆነ የእርሷ ድርሻ ከአንድ ወገን ብቻ 80,000 ብር ይሆን ነበር። በዚያን ጊዜ የትልቁ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ የሁለት ወር ውዝፍ ነበረበት።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ካርታው በእኔ ስም ነው። አንቺ ገዢ አምጪ» አሏት።

«እርሳቸው ካልፈረሙ አልችልም።»

ሰውየው ተቆጥተው ወደ ሌላ ደላላ ሄዱ። ገዢም ተገኘ። ነገር ግን ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት የጋብቻ ሁኔታቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቆ፣ የሚስት ፊርማ ስለታጣ ጉዳዩ በዚያው ቆመ።

አንባቢያችን ሆይ፤ ይህን ነጥብ ልብ በሉ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። በአንቀጽ 68 መሠረትም የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ያለፈቃዷ የተሸጠባት ሚስት ወይም የተሸጠበት ባል፣ ሽያጩን ባወቁ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ግን ሽያጩ በተፈጸመ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ።

«ለሚስታቸው ነግረሻቸው ነበር?» ብለን ጠየቅናት። ጥቂት ዝም ብላ እንዲህ አለች፦ «አልነገርኳቸውም። ሰው ያመነኝን ነገር ይዤ በየቤቱ ብዞር ማን ደላላ ያደርገኛል? ደግሞም የሰው ትዳር ነው። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ ሲደርስ የዚያን ሳምንት ገጽ ስለ አንቀጽ 68 ጻፍኩ። እርሳቸው በየቀኑ ዳቦ የሚገዙት ከዚያው ሱቅ ነው።»

ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሸጠም። የልጇን ውዝፍ ግን እንጀራ ጋግራ ነው የከፈለችው።

እንግዲህ በዚህ ሥራ መሰማራት ለምትሹ እህቶች የምንለው ይህ ነው። በቅድሚያ ሰፈራችሁን በእግራችሁ ዞራችሁ እወቁ፤ ያላያችሁትን ቤት አታስተዋውቁ። ኮሚሽናችሁን ከመነሻው በግልጽ ተናገሩ፤ ስትቀበሉም ደረሰኝ ስጡ። የቤቱን ጉድለት ደንበኛው ከጎረቤት ከሚሰማው ከእናንተ አንደበት ይስማ። በየጊዜው ለሰው የሚጠቅም ዕውቀት አካፍሉ፤ ሳትቋረጡ አካፍሉ፤ አንድ ወር ጽፎ የተወ ሰው ይረሳል።

ቤት ለምትሹ እናቶች ደግሞ፣ ደላላውን ከመከተላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቤቱን ራስህ አይተኸዋል? ጉድለቱ ምንድን ነው? የምትገዙ ከሆነም፣ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ሁለቱም ባለትዳሮች የሚፈርሙ መሆኑን አረጋግጠሃል? ለሦስቱ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ ያልሰጠን ደላላ አመስግናችሁ ተሰናበቱት።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህች እናት ቢሮ የላትም፤ ሰሌዳም አልሰቀለችም። ያላት አንድ ደብተርና በባለሱቁ መስኮት ላይ ያለች የአንድ ገጽ ቦታ ናት። ቅዳሜ ጧት ዳቦ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ግን መጀመሪያ ያቺን ገጽ ያነባል።