ሚዛን ብቻውን ሯጭ አያደርግም

ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ከማያቸው ታዳጊዎች መካከል ቀለል ለማለት ብለው ቁርስ የሚዘሉ አሉ። ይህ ከልብ ያሳስበኛል። ክብደትና ፍጥነት እንዲህ በቀላሉ አይገናኙም።

ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ ክብደቱ ወደ 94 ኪሎ ይጠጋ ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 37.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ የሮጠው ቀነኒሳ በቀለ ግን 56 ኪሎ ገደማ ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በአጭር ርቀት የሚያሸንፈው መሬትን በኃይል የሚገፋ ነው፤ ኃይሉ ከጡንቻ ይመጣል፣ ጡንቻ ደግሞ ይከብዳል። በረጅም ርቀት ግን እያንዳንዱ ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ሙቀትም ያመነጫል። ትንሽ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል።

የቦልትም የቀነኒሳም ሰውነት ለርቀታቸው የተስማማ ነበር። በቂ ምግብ የማያገኝ ሯጭ ግን ጡንቻው ይከሳል፣ አጥንቱ ይሳሳል፤ የሴቶች የወር አበባም ሊቋረጥ ይችላል። ልጆች፣ በልታችሁ ሩጡ፤ አሠልጣኞችም ከሚዛኑ በፊት የልጆቹን ጤና ጠይቁ።