ጊታር ለመጀመር ዘግይተናል እንዴ?

«ጣታችን ደርቋል፤ ከእንግዲህ ጊታር አይሆንልንም» የምንል እጩ መምህራን ጥቂት አይደለንም። ጆሯችን ግን አልደረቀም፤ ትዝታን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ አምባሰልና ባቲም የዚሁ የወሎ አገር ስሞች ናቸው።

ክራርም ጊታርም በተለምዶ 6 ክር አላቸው። የክራሩ 5 ክሮች የቅኝቱን 5 ድምፆች ሲሰጡ፣ 6ኛው አንዱን በኦክታቭ ይደግማል። ጊታር ላይ ግን አንዱን ክር እዚህም እዚያም እየተጫንን ብዙ ድምፅ እናወጣለን። እንግዲያው በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንጀምር፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጣት ያማል። ቢሆንም በየቀኑ ሩብ ሰዓት መለማመድ፣ ቅዳሜን ሙሉ ከመታገል ይሻላል። ጓደኛ ቢስቅብን አብረን እንሳቅ እንጂ አንተው። ነገ በመካነ ሰላም ዙሪያ ፊደል የከበደው ልጅ ፊታችን ሲቆም፣ የጀማሪን ጭንቅ የምንረዳለት ዛሬ ራሳችን ስለቀመስነው ነው።