ጢሱን ስለሚያነድ ምድጃ፤ አመራረጡና አጠባበቁ



በደጋ አገር የሚኖር ሰው እሳትን ከቤቱ ሊያርቅ አይችልም። በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ ያለችው ባንኮ ጎቲቲ ከባሕር ወለል ከ1900 ሜትር በላይ ከፍ ያለች አገር ናትና፥ የዲላን ሙቀት ለምዶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ እርስዋ የወጣ መንገደኛ በሌሊት ይበርደዋል። እናት ቆጮዋን የምትጋግረው፥ ሽማግሌው እግሩን የሚያሞቀው፥ ልጅም ትምህርቱን የሚያጠናው በአንዱ ምድጃ ዙሪያ ነው። ነገር ግን ይህ ለሕይወት ብለን የምናነደው እሳት ዓይንን የሚያመረቅዝ፥ ሳንባን የሚጎዳ፥ አንዳንድ ጊዜም በሰላም የተኛውን ሰው ሳይነቃ የሚያስቀር ሆኖ ይገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ሁሉ ከቤት ውስጥ ማገዶ በሚወጣው ጢስ የተነሣ የሞተው ሰው ቍጥር 3.2 ሚሊዮን ያህል ነው። ከነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው።

እኔም ይህን የምጽፈው በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ በሌሊት በርጥብ ዕንጨት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ስንቀጽል ዓይናችን እንዴት ያለቅስ እንደ ነበረ እያስታወስሁ ነው። ጢስ የእሳት ጠባይ ነው፥ ሊቀርም አይችልም ብለን እናምን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

ጢስ ምን እንደ ሆነ

መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ ይህን አሳዩአቸው። ነፋስ በማይገባበት ክፍል አንድ ሻማ አብሩ፤ ጥቂት ከነደደ በኋላ እፍ ብላችሁ አጥፉት። ከክሩ ላይ ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወዲያው የተለኮሰ ክብሪት ከክሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጢሱ አቅርቡ። እሳቱ በጢሱ ላይ ተሻግሮ ይወርዳል፥ ክብሪቱ ክሩን ሳይነካው ሻማው ይበራል። እንግዲህ ጢስ ራሱ የሚነድ ነገር መሆኑ በዓይን ታየ።

የዕንጨትም ነገር እንዲሁ ነው። ዕንጨት ወደ እሳት ሲገባ በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ውኃ ይተናል። ቀጥሎም ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ዕንጨቱ ተፈትቶ ሊቃውንት ጋዝ የሚሉትን የሚነድ እንፋሎት ያወጣል። ከደረቅ ዕንጨት ክብደት ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል በዚህ መንገድ ይወጣል፤ የቀረው ከሰል ይሆናል፥ ከሰሉም ነድዶ ሲያልቅ ጥቂት ዐመድ ይተርፋል።

ይህ ጋዝ በሚገባ ይነድ ዘንድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ብርቱ ሙቀት፥ በቂ አየር፥ ሁለቱም የሚገናኙበት ስፍራና ጊዜ ነው። በሦስት ጕልቻ ላይ በሚነድ እሳት ቀዝቃዛ ነፋስ ከየአቅጣጫው ስለሚገባ ጋዙ ገና ሳይነድ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞም ጢስ ይሆናል፤ በጣራና በግድግዳ ላይም ጥላሸትና ቅጥራን ሆኖ ይለጠፋል። ስለዚህ በጣራችን ላይ የምናየው ጥቍር ነገር እናቶቻችን በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት፥ ሳይነድ የቀረ ማገዶ ነው።

ይህን ዕውቀት ሌሎች እንዴት እንደ ተጠቀሙበት

ፊሊፕ ለቦን የተባለ ፈረንሳዊ በ1799 እ.ኤ.አ. ከዕንጨት ጋዝ አውጥቶ ለብርሃንና ለሙቀት የሚያውልበትን ዘዴ በመንግሥት ዘንድ አስመዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአውሮፓ ቤንዚን ስለ ታጣ ብዙ መቶ ሺህ መኪናዎች በጀርባቸው የዕንጨት ምድጃ ተሸክመው በዕንጨት ጋዝ ይሄዱ ነበር።

ዛሬ በኦስትሪያ፥ በጀርመን፥ በስዊድንና ይህን በመሳሰሉት ብርዳም አገሮች ብዙ ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በዚሁ ጥበብ በተሠራ ቦይለር ነው። ቦይለሩ ላይና ታች ሁለት ክፍል አለው። በላይኛው ክፍል ዕንጨት ይከመራል፥ አየሩም ተመጥኖ ስለሚገባለት በዝግታ ጋዝ ያወጣል። ማራገቢያውም ጋዙን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ታች ይስበዋል። በቀዳዳው ዘንድ የሞቀ አየር ይጨመርበታል፤ በታችኛውም ክፍል እሳት በማይበግረው ጡብ መካከል ወደ 1000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይነዳል። ይህ ሙቀት ውኃ ያሞቃል፥ ውኃውም በቧንቧ እየዞረ ቤቱን ያሞቃል።

ይህን ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ተቋም፥ ለምሳሌ አዳሪ ትምህርት ቤት ወይም የእንግዳ ቤት ቢኖር፥ አስቀድሞ አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ ማራገቢያው ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራምና መብራቱ የማይቋረጥ ይሁን። ሁለተኛ፥ ሙቀቱን የሚያጠራቅም ትልቅ የውኃ ጋን ያስፈልገዋል፤ ለያንዳንዱ ኪሎዋት ኃይል ቢያንስ 50 ሊትር ይታሰባል፥ ባለ20 ኪሎዋቱም 1000 ሊትር ጋን ይፈልጋል ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ዞሮ ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውኃ ከ55 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ቅጥራንና ኮምጣጣ ውኃ በብረቱ ላይ ይንጠፈጠፍና ይበላዋል፤ ስለዚህ የሚመለሰውን ውኃ የሚያሞቅ መቀላቀያ አብሮ ይገዛ። አራተኛ፥ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫው በቅርብ መገኘቱ ይረጋገጥ።

ለአንድ ገበሬ ቤት ግን ይህ ከዐቅም በላይ ነው፥ አስፈላጊም አይደለም። ጢሱን የማንደድ ጥበብ በትንሽ ምድጃም ይሠራልና።

ለቤት የሚሆነውን ስለ መምረጥ

ምድጃ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ይወስን፤ ለሁሉ የሚበቃ አንድ ምድጃ የለምና።

ለምጣድ የሚሆነው ምርጥ የተባለው ምድጃ ነው። ይህ በአገራችን በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት የወጣ፥ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ነው። አራቱ ክፍሎች ምጣዱን ይከባሉ፥ ሁለቱ በጢሱ መውጫ ላይ ድስት ያስቀምጣሉ። እሳቱን ከነፋስ ስለሚከልል ከጕልቻው ጋራ ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ያሳንሳል።

ለድስትና ለጀበና የሚሆነው ከላይ የሚለኮሰው የጋዝ ምድጃ ነው። ይህን ዐይነት ቶማስ ሪድ የተባለው አሜሪካዊ በ1985 እ.ኤ.አ. ዐሰበው። አንዱ ጣሳ በሌላው ውስጥ እንደ ገባ ሆኖ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው። በታች ጥቂት ቀዳዳ፥ በላይ በአፉ ዙሪያ ብዙ ቀዳዳ አለው። ደቃቅ ዕንጨት ይሞላና ከላይ ይለኮሳል። እሳቱ ወደ ታች እየወረደ ጋዝ ያወጣል፤ በሁለቱ ግድግዳ መካከል የሞቀውም አየር በላይኛው ቀዳዳ ገብቶ ጋዙን ያነደዋል። በመካከሉ ዕንጨት አይጨመርበትም፤ የጨመረ ሰው በጢስ ይታፈናል።

ቤትን ለማሞቅ ግን ከሁለቱ አንዱም አይበቃም፥ የጢስ መውጫ ቧንቧ የላቸውምና። ለዚህ የሚሆነው በርና ቧንቧ ያለው የብረት ምድጃ ነው። ሲገዛ እነዚህ ይታዩ፤ አየር ከታች ለዕንጨቱ፥ ከላይ ደግሞ ለጋዙ የሚገባበት ሁለት መንገድ ይኑረው፤ የእሳቱ ክፍል በጡብ የተለበጠ ይሁን፤ በሩ ሲዘጋ ወረቀት የማያሾልክ ይሁን፤ ቧንቧው ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ከጣራው ጫፍ በላይ ይውጣ። የሣር ክዳን ባለው ጣራ የብረት ቧንቧ ማሳለፍ ቤትን ለእሳት መስጠት ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ምድጃ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ብቻ ይተከል። የጣራው ዕንጨትም ከቧንቧው ይራቅ።

ሻጩም በፊታችሁ አንድዶ ያሳያችሁ። ከተለኮሰ ከሩብ ሰዓት በኋላ በቧንቧው ጫፍ ጢስ የማይታይ ከሆነ ምድጃው ሥራውን ያውቃል።

ዕንጨትን እንደ ቡና ስለ ማድረቅ

ከሁሉ የበለጠ ምድጃ በርጥብ ዕንጨት ከጕልቻ አይሻልም። የባንኮ ጎቲቲ ሰው ቡናውን በአልጋ ላይ ዘርግቶ፥ በየጊዜው እያገላበጠ፥ ውኃው ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ እስኪደርስ ድረስ ያደርቀዋል፤ ርጥብ ቡና እንደሚበላሽና ዋጋ እንደሚያጣ ያውቃልና። ይህንኑ ትጋት ለማገዶው ቢያውለው ምንኛ በተጠቀመ! የማገዶ ውኃ ከመቶ 20 እጅ በታች ሊሆን ይገባል።

አዲስ የተቈረጠ ዕንጨት ከክብደቱ ግማሹ ውኃ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 20 ኪሎ ርጥብ ዕንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት 10 ኪሎው ውኃ ነው፤ ያንም ውኃ ለማትነን ከዕንጨቱ ሙቀት ከሰባቱ እጅ አንዱ ያህል ይጠፋል። የቀረውም እሳት ስለሚቀዘቅዝ ጋዙ ሳይነድ ጢስ ይሆናል። 20 ኪሎ በሚገባ የደረቀ ዕንጨት ግን ከዚህ ሁለት እጥፍ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ሙቀት ይሰጣል።

ስለዚህ ማገዶ በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ዝናቡ ሲያቆም፥ ይቈረጥ፤ በአንጓ ውፍረት ይፈለጥ፤ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ተደርጎ፥ ከላይ ክዳን፥ በጎን ግን ነፋስ በሚያገኝበት መጠለያ ይደርደር። ለዚህም የቡናውን ግርዛትና የጥላ ዛፎችን ቅርንጫፍ መጠቀም እንጂ ግንዱን መጣል አይገባም። ዋንዛውና ብርብራው ቡናውንና እንሰቱን የሚጠብቁ ናቸው፤ ይህ የአባቶች አተካከል የተከበረ ስለ ሆነ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ማገዶን ማሳነስ ይህን ቅርስ መጠበቅ ነው።

ለመለኪያም ይህን ሒሳብ ለተማሪዎች ስጡ። አንድ ፍልጥ በሚዛን ሲመዘን 1000 ግራም ሆነ። በምድጃ አጠገብ ሰንብቶ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም 750 ግራም ሆነ። ውኃው ከመቶ ስንት እጅ ነበረ? መልሱ 25 ነው፤ እንግዲህ ዕንጨቱ ገና አልደረሰም። ሚዛን የሌለው ሰው ሁለት ፍልጥ ያጋጭ፤ ደረቁ ጠንከር ያለ ድምፅ ያሰማል፥ ርጥቡ ግን ይታፈናል።

ስለ አጠባበቅ

በየቀኑ ዐመዱ ይውጣ። በዐመድ ውስጥ ፍም ተሸሽጎ ሊያድር ስለሚችል በብረት ዕቃ ተደርጎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ፈጽሞ ሲበርድ በእንሰቱ ሥር ይበተን። በየሳምንቱ የአየር ቀዳዳዎቹ በሽቦ ይጠረጉ፤ ቀዳዳው የተዘጋ ምድጃ ጋዙን ሊያነድ አይችልም። በየወሩ ቧንቧው ይጠረግ፤ የተለጠፈው ቅጥራን አንድ ቀን ተቀጣጥሎ ጣራውን ያነዳልና። በየዓመቱ ከዝናብ በፊት የተሰነጠቀው ጡብ ይለወጥ፥ የበሩ ክፈፍ ይታይ። ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ዕንጨት በምንም ምክንያት አይነደድ፤ ጢሱ መርዝ ነው። ቦይለር ያለውም ቢሆን የእንፋሎቱን መተንፈሻ ከቶ አይዝጋ፤ ውኃው ባለቀበት የጋለ ቦይለር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አይጨምር።

ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ

በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በአገራችን ብዙ ቤተ ሰብ አጥፍቷል። ብዙ ሰው «ከሰሉ ፍም ከሆነ፥ ጢሱም ካለቀ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፥ ዓይንም አያስለቅስም። በመጀመሪያ ራስን ያሳምማል፥ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፤ ኋላም እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ከላይ የሚለኮሰውም የጋዝ ምድጃ ነበልባሉ ሲያልቅ የሚቀረው ከሰል ይህንኑ ያደርጋልና፥ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ይጥፋ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ቢገኝ በሩና መስኮቱ ይከፈት፥ ሰውዬው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፥ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቧንቧ የሌለው እሳት በሚነድበት ቤት ውስጥ ማንም በር ዘግቶ አይተኛ።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ በሶንጎ በምትቀመጡበት ጊዜ ይህን የመጨረሻውን ቃል ለሕዝቡ ንገሩ፤ ቃላችሁ ከወረቀት ይልቅ ይሰማልና። መምህራን ሆይ፥ የሻማውን ነገር ለልጆች አሳዩ፤ ልጁም ወደ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ያሳያታል። ርጥቡን ዕንጨት ከምድጃ፥ ከሰሉን ከመኝታ ቤት ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል።