የደንብ ልብስ የማይለብሱት የሠራዊቱ ሰዎች ቢጽፉስ?

ሳቢያን ውስጥ አንድ ሰው «መከላከያ ነው የምሠራው» ካለ ቀጥሎ የሚጠየቀው ማዕረጉ ነው። ሃምሳ አለቃ ነህ? ሻምበል? መልሱ «ሲቪል ነኝ» ሲሆን ጠያቂው ትንሽ ግራ ይጋባና ወሬው ወደ ሌላ ያልፋል። ድሬዳዋ የአየር ኃይል ምድብ ያለባት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለ ጎረቤት ማግኘት አይከብድም። ሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መካኒክ፣ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ መምህር ወይም ምግብ አብሳይ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከልጆቹ ጋር ከቤት ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ልጆቹ ግን አባታቸው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል በደንብ አያውቁም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ሰዎች፣ በተለይም በሙያ መጽሔት ላይ ስለ ሥራቸው ስለ መጻፍ ነው። የሃያና የሠላሳ ዓመት ልምዳቸው ካልተጻፈ በጡረታ ቀን አብሯቸው ከግቢው ይወጣል።

ከስንቅ የጀመረ ታሪክ

ከጦር ጋር የሚሠራ ሲቪል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1888ቱ የዓድዋ ዘመቻ እህል የሚፈጩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ የሚያበስሉና አጋሰስ የሚነዱ ብዙ ሰዎች ከተዋጊው ጋር ተጉዘዋል። ከመካከላቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ። «ስንቅና ትጥቅ» ስንል እንኳ ስንቁን ነው የምናስቀድመው። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ጦርነት ሲዘምት ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ነርሶች ቁስለኞችን ለማስታመም ሄደዋል።

የእኛም ከተማ የራሷ ታሪክ አላት። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር፣ ከዚህ የሚነሡት አውሮፕላኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አውሮፕላን ደግሞ በአብራሪ ብቻ አይነሣም። ነዳጅ፣ ጥገና፣ መለዋወጫ፣ ምግብ፣ ሕክምናና ደመወዝ በሰዓቱ መድረስ አለባቸው። አብራሪዎቹን በስም የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም፤ መለዋወጫውን መዝግቦ ያወጣውን ግን ማን ያስታውሳል?

ሲቪልነት ለመከላከያ እንግዳ እንዳልሆነ ሕገ መንግሥቱም ይነግረናል። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል እንዲሆን ያዝዛል። በጥቅምት 2011 የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ አይሻ መሐመድም በሙያቸው መሐንዲስ ናቸው።

በሁለት ወንበር መካከል

እንዲያም ሆኖ የሲቪል ሠራተኛው ቦታ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን ሲተረጉም የመከላከያና የፌዴራል ፖሊስ አባላትን ለይቶ አስቀርቶ ነበር። በእነዚህ ተቋማት ደንብ የሚተዳደሩ ሌሎች ሠራተኞችንም እንዲሁ። ስለዚህ የሠራዊቱ ሲቪል በሌላ መሥሪያ ቤት ካለው ባልደረባው በሕግ ይለያል፤ ማዕረግ ስለሌለው ደግሞ ከወታደሩም ይለያል።

ዓለም አቀፉ ሕግም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የተፈረመው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት የሠራዊቱ አባል ሳይሆኑ ሠራዊቱን የሚከተሉ ሰዎችን ይዘረዝራል። የጦርነት ዘጋቢዎች፣ ስንቅ አቅራቢዎችና የወታደራዊ አውሮፕላን ሲቪል ሠራተኞች ከእነዚህ መካከል ናቸው። መታወቂያ እንዲሰጣቸው፣ ቢማረኩም እንደ ጦር ምርኮኛ እንዲያዙ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን አጽድቃለች።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ከ700 ሺህ በላይ ሲቪል ሠራተኞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው «አርምድ ፎርስስ ኤንድ ሶሳይቲ» የተባለው የጥናት መጽሔት ወታደርና ሲቪል ጎን ለጎን ሲሠሩ ስለሚገጥማቸው ነገር ጥናቶችን አውጥቷል። ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱን ማንኛውም የሳቢያን ቤተሰብ ሊረዳው ይችላል። ወታደሩ አለቃ በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል፤ ሲቪሉ እዚያው ይቆያል። በዚህም የመሥሪያ ቤቱ ትዝታ ሲቪሉ ጋ ይከማቻል። የዕድገት መሰላሉ ግን ከወታደሩ ያጠረ ሊሆን ይችላል።

ያልተጻፈ ይጠፋል

ስለ ቃኘው ዛሬ ከምናውቀው ብዙውን ያቆየልን ሲቪል ነው። የግሪኩ ጋዜጠኛ ኪሞን ስኮርዲለስ ከሻለቃው ጋር ቆይቶ «ቃኘው» የተሰኘውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1954 በቶኪዮ አሳተመ። ቀደም ብሎም የዐፄ ምኒልክን ዘመን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የብዕር ሰው ነበሩ። ጦሩን የተዋጋ ሰው ሁሉ ስለ ጦሩ አይጽፍም፤ አጠገቡ ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የሙያ መጽሔት ደግሞ ከታሪክ መጽሐፍ የቀለለ በር ነው። አንድ ችግር፣ አንድ መፍትሔ፣ ጥቂት ገጽ ይበቃዋል። ለሐኪሞችና ለነርሶች እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አለ። ለመሐንዲሶች «ዜዴ» አለ። በአቅራቢያችን ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የጥናት መጽሔቶች ያሳትማል።

ምን ይጻፍ? ምን አይጻፍ?

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ ማንኛውም ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት «ማን ያነበዋል? ምን ይጠቅመዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። ለሙያ መጽሔትም መነሻው ይኸው ነው።

ርዕሱ ጠባብ ይሁን። ድሬዳዋ ሙቀቷ የታወቀ ነው። ነርሷ ፀሐይ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ከሙቀት ሕመም ለመጠበቅ ምን እንደረዳ ልትጽፍ ትችላለች። መካኒኩ አቧራ የሞተር ማጣሪያን እንዴት እንደሚጎዳና ምን ዓይነት የጽዳት ልማድ ዕድሜውን እንደሚያራዝመው ያውቃል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ምን እንደጠፋና ምን እንደተገኘ ሊያስረዳ ይችላል። እነዚህ ዕውቀቶች ለሆስፒታል፣ ለአውቶቡስ ድርጅትና ለፋብሪካም ይጠቅማሉ።

ምስጢር ግን ምስጢር ነው። የሰው ብዛት፣ የክፍል ስም፣ የመሣሪያ ዓይነት፣ የጉዞ ሰዓትና ቦታ አይጻፍም። የታካሚ ስም አይወጣም። ፎቶ ሲነሣም ከኋላ የሚታየው ነገር መታየት አለበት። ከሁሉ በፊት ከኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ ይወሰድ፤ ጥናቱ ሰዎችን የሚመለከት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይየው። ፈቃድ ካልተገኘ ርዕሱን መቀየር ይሻላል።

አቀማመጡ የታወቀ ነው፤ መግቢያ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት። ብዙዎቹ መጽሔቶች በእንግሊዝኛ ስለሚታተሙ ቋንቋው የሚያስፈራው ሰው ከዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር በጋራ ቢጽፍ ያዋጣዋል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ጽሑፉ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ አስተያየት ተጽፎበት ሲመለስ መከፋት አያስፈልግም፤ አሠራሩ ለሁሉም እንዲሁ ነው። ሳይገመግም «ክፈልና ነገ እናትምልህ» ከሚል መጽሔት ግን ይራቁ።

የቤተሰብ ድርሻ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ካልደገፈው አይሳካም። የትዳር አጋር ሁለት ሰዓት ጸጥታ ሊሰጥ ይችላል። ኮምፒውተር የሚችል ልጅ የእናቱን የእጅ ጽሑፍ ሊተይብላት ይችላል። እግረ መንገዱንም የእናቱን ሥራ ያውቃል። አንድ ሰው ሥራውን ለአሥራ አራት ዓመት ልጁ ማስረዳት ከቻለ ለመጽሔት አንባቢም ማስረዳት አያቅተውም።

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ወታደሩ ሲሰናበት ማዕረጉ ከስሙ ጋር ይቆያል፤ ጎረቤቱ «ሻለቃ» ብሎ ይጠራዋል። ሲቪሉን ተከትሎ ወደ ቤት የሚገባ ማዕረግ የለም። በስሙ የታተመ አንድ ጽሑፍ ግን ከእሱ በኋላ ለሚተካው ሰው ይሠራል፤ ለልጆቹም አባታቸው ምን ይሠራ እንደነበር ያሳያል። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ ጡረታው እስኪደርስ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ቡና ሲፈላ «በሥራህ አንተ ብቻ የምታውቀው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚነገር ከሆነ ወረቀትና እስክርቢቶ አቅርቡለት።