ክሊክ ስንት ያወጣል?

የፌስቡክ ማስታወቂያ ቁርጥ ታሪፍ የለውም። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ማየት ሲጀምር፣ በዚያች ቅጽበት ዓይኑን ለማግኘት የሚፈልጉ አስተዋዋቂዎች ይጫረታሉ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ብዙ ብር ያቀረበ ብቻ አይደለም። ተመልካቹ የተፈለገውን ነገር የማድረግ ዕድሉና የማስታወቂያው ጥራትም አብረው ይመዘናሉ። ሰው የወደደው ማስታወቂያ ባነሰ ዋጋ ሊያልፍ የሚችለው ለዚህ ነው።

ውጤቱ በዋናነት በሦስት ቁጥሮች ይነበባል። ሲፒኤም ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ለመታየት የፈጀው ገንዘብ ነው፤ «ኤም» የመጣችው ሺህ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ሚሌ» ነው፣ ሚሊዮን አይደለችም። ሲፒሲ አንድ ክሊክ ያስወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ ሲቲአር ደግሞ ማስታወቂያው ከታየበት ጊዜ ስንት በመቶው ክሊክ እንዳስገኘ ይናገራል።

መርካቶ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ፖስት በ3,000 ብር ቡስት አደረገ እንበል። ማስታወቂያው 40,000 ጊዜ ታየ፤ ያዩት ሰዎች 16,000 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ ሁለት ጊዜ ተኩል አይተውታል። ሲፒኤሙ 75 ብር መጣ። 600 ክሊክ ስለተመዘገበ ሲፒሲው 5 ብር ነው፣ ሲያዩት ርካሽ። ሆኖም ፌስቡክ በጥቅሉ «ክሊክ» ብሎ የሚቆጥረው ላይክን፣ ኮሜንትን፣ ፎቶ አስፍቶ ማየትንና የፔጁን ስም መንካትን ሁሉ ይጨምራል። ሊንኩን የነኩት 200 ብቻ ቢሆኑ የአንዱ ዋጋ ወደ 15 ብር ይወጣል፤ ሲቲአሩም ከ1.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። ከእነሱም መካከል ኔትወርክ አስቸግሯቸው ገጹ ሳይከፈት የተመለሱ አይጠፉም። በመጨረሻ 10 ሰዎች ከገዙ አንዱ ገዢ 300 ብር አስወጥቷል። ከአንድ ጫማ የሚገኘው ትርፍ 250 ብር ከሆነ ነጋዴው በእያንዳንዱ ሽያጭ 50 ብር እየከሰረ ነው።

አሁን ደግሞ በዚያው 3,000 ብር የሊንክ ክሊኩ 25 ብር የደረሰ ሌላ ማስታወቂያ ይታሰብ። የመጡት 120 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ 20ው ግን ገዙ። አንዱ ገዢ 150 ብር ብቻ አስወጣ ማለት ነው። ውድ ክሊክ ያመጣው ማስታወቂያ በልጧል። እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገና ሲጀመር ከተመረጠው ዓላማ ነው፤ «ትራፊክ» ሲመረጥ ሲስተሙ መንካት የሚያዘወትሩ ሰዎችን፣ «ሽያጭ» ሲመረጥ መግዛት የሚያዘወትሩትን ይፈልጋል። ርካሽ ክሊክ እያሳደዱ ገዢ መጠበቅ አያዋጣም።

ቁጥሮቹ ራሳቸውም ሙሉ አይደሉም። አፕል በ2021 አፕሊኬሽኖች የስልኩን ባለቤት ሳያስፈቅዱ እንዳይከታተሉት ካገደ ወዲህ፣ ፌስቡክ ከሚያሳየው የሽያጭ ቁጥር የተወሰነው ግምት ነው። በስልክ ወይም በቴሌግራም በሚደረግ ንግግር የሚያልቅ ሽያጭ ደግሞ ነጋዴው ራሱ መልሶ ካላስገባው እዚያ አይታይም። «የት አይተውን ነው?» ብሎ ደዋዩን መጠየቅና መልሱን ደብተር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የገዢው እውነተኛ ዋጋ የሚሰላው ከዚያ ደብተር ነው።